ያደፈጠ ኤችአይቪ ምንድን ነው?

ፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በአግባቡ የሚወስድ ሰው ከተወሰኑ ወራት በኋላ የቫይረስ መጠን ምርመራ ሲያደርግ «አልተገኘም» የሚል ውጤት ይደርሰዋል። የሚያስደስት ውጤት ነው። ነገር ግን ምርመራው የሚቆጥረው በደም ፈሳሽ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቫይረስ ብቻ ነው፤ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ የተቀመጠውን አያየውም። ሰውየው መድኃኒቱን ሃያ ዓመት ሳያቋርጥ ወስዶ ቢያቆም እንኳ፣ ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ደሙ ይመለሳል። የሚመለሰው ከውጭ አይደለም፤ ሲጀመርም ከሰውነቱ አልወጣም ነበር። ተመራማሪዎች ይህን ድምፁን አጥፍቶ የሚቆይ ቫይረስ ያደፈጠ ቫይረስ፣ የተሸሸገባቸውን ሕዋሳት ደግሞ የቫይረሱ ክምችት ይሏቸዋል።

ኤችአይቪ ሲዲ4 ወደተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከገባ በኋላ አርኤንኤ በተባለ መልክ የያዘውን የዘር መረጃ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል። ከዚያም ኢንቴግሬዝ በተባለ ኢንዛይም ይህን ዲኤንኤ በሕዋሱ ዲኤንኤ መሃል ይሰካዋል። አንድ ቁም ጸሐፊ በብራና መጽሐፍ መካከል የራሱን አንቀጽ ቢሸጉጥ፣ ከእርሱ በኋላ መጽሐፉን የሚገለብጥ ሁሉ ያንን አንቀጽ ሳያውቅ አብሮ ይጽፈዋል። ቫይረሱም የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

በቫይረሱ የተያዙ ሕዋሳት አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታሉ። ጥቂቶቹ ግን ሳይሞቱ የማስታወሻ ሕዋሳት ሆነው ወደ ዕረፍት ይመለሳሉ። የማስታወሻ ሕዋስ ሥራው ሰውነት አንድ ጊዜ ያወቀውን ተሕዋስ ለብዙ ዓመታት ማስታወስ ነው፤ በልጅነት የተወሰደ ክትባት ጎልማሳውን የሚጠብቀው በእንዲህ ያሉ ዕድሜ ጠገብ ሕዋሳት ነው። ኤችአይቪ ለመደበቂያ ያገኘው ቦታ፣ ሰውነት በሽታን ለመከላከል ብሎ ረጅም ዕድሜ የሰጠው ሕዋስ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ሕዋሱ ሲያርፍ ቫይረሱም ያርፋል፤ የቫይረሱ ፕሮቲን ካልተመረተ ደግሞ የበሽታ መከላከያ ሥርዓቱ ያንን ሕዋስ ከጤነኛው የሚለይበት ምልክት የለውም።

መድኃኒቱስ? እያንዳንዱ መድኃኒት ቫይረሱ በሚራባበት ጊዜ የሚያልፍበትን አንድ ደረጃ ይዘጋል። በኢትዮጵያም በስፋት በሚሰጠው ሦስቱን በአንድ በያዘው እንክብል ውስጥ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ግልበጣውን፣ ዶሉቴግራቪር ደግሞ መሰካቱን ይከለክላሉ። በዚህም አዲስ ሕዋስ እንዳይያዝ ይጠብቃሉ። አስቀድሞ የተሰካው ዲኤንኤ ግን አይገለበጥም፣ አይሰካም፣ ምንም አያደርግም፤ ስለዚህ የሚዘጋበት ደረጃ የለም።

ይህ እስኪታወቅ ድረስ ተስፋው ሌላ ነበር። ጥምር ሕክምናው በተስፋፋበት ሰሞን የኤችአይቪ ተመራማሪው ዴቪድ ሆ እና ባልደረቦቻቸው ሕክምናው ፍጹም ከሠራ ቫይረሱ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ገደማ ሊጠፋ ይችላል ብለው አስልተው ነበር። በዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ግን ሦስት የምርምር ቡድኖች በሕክምና ላይ ካሉ ሰዎች የማስታወሻ ሕዋሳት ውስጥ ሊራባ የሚችል ቫይረስ አወጡ። ከሚያርፉት ሲዲ4 ሕዋሳት ከሚሊዮን ውስጥ አንድ ገደማ ብቻ ነበር የያዘው። በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የሮበርት ሲሊሲያኖ ቡድን ይህ ክምችት በግማሽ ለመቀነስ 44 ወራት እንደሚፈጅበት ለካ። በዚህ ፍጥነት ተሟጥጦ እስኪያልቅ ከ73 ዓመት በላይ ይጠይቃል፤ የአንድ ሰው ዕድሜ ማለት ነው።

ክምችቱ የማይሟጠጥበት ሌላም ምክንያት አለ። የማስታወሻ ሕዋስ የሚያውቀውን ተሕዋስ ሲያገኝ ይባዛል፤ ሲባዛ የተሰካውን ቫይረስ ይዞ ነው። እዚህ ላይ አዲስ ሕዋስ በቫይረስ አልተጠቃም፤ ያለው ሕዋስ ተከፈለ እንጂ። መድኃኒቱ ይህን ሊከለክል አይችልም፤ ሕዋስ እንዳይከፈል የሚከለክል መድኃኒት ቢሰጥ ደግሞ ጉዳቱ ለባለቤቱ ነው። ከተሰኩት የቫይረስ ቅጂዎች አብዛኞቹ የተጎዱና ሊራቡ የማይችሉ መሆናቸው የሚያጽናና ቢሆንም፣ ለመመለስ አንድ ጤነኛ ቅጂ ይበቃል።

በአሜሪካ ሚሲሲፒ እ.ኤ.አ. በ2010 ከኤችአይቪ ጋር የተወለደችው ሕፃን ነገር ይህን በሚገባ ያሳያል። በተወለደች በ30 ሰዓት ውስጥ ሕክምና ተጀመረላት፤ ከዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ተቋረጠ። 27 ወራት ያህል ያለ መድኃኒት ቫይረሱ ሳይታይባት ቆየች፤ ዳነች ተብሎም ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ2014 ተመለሰባት። በሌላ በኩል የበርሊኑ ታካሚ ተብሎ የሚታወቀው ቲሞቲ ሬይ ብራውን፣ ለደም ካንሰሩ ሲሲአር5 የተባለው የቫይረሱ መግቢያ በር ከሌለው ለጋሽ የመቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በካንሰሩ እስኪሞት ድረስ ኤችአይቪ አልተመለሰበትም። ንቅለ ተከላው ግን ራሱ ሊገድል ስለሚችል ካንሰር ለሌለበት ሰው አይመከርም።

ታዲያ ቫይረሱ በውስጥ ካለ ለሌላ ይተላለፋል ወይ? መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረስ መጠኑ የማይታይ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ዲኤንኤ ውስጥ የተኛ ቫይረስ ከሕዋሱ አይወጣም። አደጋው በማቋረጥ ነው። በኛ አገር «ነጻ ወጣሁ» ብለው ወይም ጸበል ገብተው መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ በይፋ መናገራቸው በዚያ ወቅት ትልቅ እገዛ ነበር። ስማርት የተባለው ዓለም አቀፍ ጥናትም እ.ኤ.አ. በ2006 መድኃኒቱን እያቋረጡ በሚወስዱት ላይ ሕመምና ሞት በመብዛቱ ያ የጥናቱ ክፍል እንዲቆም ተደርጓል።

ተመራማሪዎች የተኛውን ቫይረስ ቀስቅሶ ሕዋሱን መግደል የሚል ስልት ሞክረዋል። ቮሪኖስታት የተባለው የካንሰር መድኃኒት ቫይረሱን በእርግጥ ቀሰቀሰው፤ የተቀሰቀሰው ሕዋስ ግን አልሞተም፣ ክምችቱም አልቀነሰም። በዚህ ላይ በላቦራቶሪ በአንድ ቅስቀሳ ያልነቁ ጤነኛ ቅጂዎች በሁለተኛው ሲነቁ ታይተዋል። ስለዚህ አንዳንዶች አሁን በተቃራኒው መንገድ እየሄዱ፣ ቫይረሱ ዳግመኛ እንዳይነቃ አጥብቆ የሚያስተኛ መድኃኒት እየፈለጉ ነው።