የዩኒቨርሲቲ ቻርተር ምንድን ነው?

አዲስ አበባ ውስጥ «ቻርተር» የሚለውን ቃል ያልሰማ አዋቂ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ሁሉም የሚያውቀው ግን የየራሱን ቻርተር ነው። የ1983 ዓ.ም. ክረምትን የሚያስታውስ ሰው «ቻርተሩ» ሲባል ትዝ የሚለው የሽግግር መንግሥቱን ያቆመው ሰነድ ነው። በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ሲያስፈጽም የሚውል ሰው ደግሞ ቃሉን የሚያገኘው በአዋጅ ቁጥር 361/1995 በወጣው የከተማው አስተዳደር የተሻሻለ ቻርተር ላይ ነው። በአስጎብኚ ድርጅት ለሚሠራ ወጣት ቻርተር ማለት ለእንግዶች የተከራዩት አውሮፕላን ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ቻርተር አለው ሲባል የሚታሰበው ከእነዚህ ለሁለተኛው የሚቀርበው ትርጉም ነው።

የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ቻርተር ማለት ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያለው አካል አንድን የትምህርት ተቋም በስሙ ጠርቶ የሚያቋቁምበት፣ ሰውነት የሚሰጥበትና የሚተዳደርበትን ሥርዓት የሚወስንበት ሕግ ነው። ሥልጣኑ በንጉሥ እጅ በነበረበት ዘመን ሰጪው ንጉሡ ነበር፤ ሕግ አውጪ ምክር ቤት ባለበት አገር ሰጪው ምክር ቤቱ ነው። ከትርጉሙ ውስጥ ክብደቱ ያለው «ሰውነት» በሚለው ቃል ላይ ነው። መምህራንና ተማሪዎች በአንድ ግቢ ተሰብስበው ትምህርት ቢጀምሩ ትምህርት ቤት ተከፈተ ሊባል ይችላል፤ በሕግ ፊት ግን ሕንፃው የባለንብረቱ፣ ገንዘቡ የሰጪው፣ ዕዳውም የፈረመው ሰው ሆኖ ይቀራል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መንግሥት በሕግ እንደ ሰው እንደሚቆጠር ሲደነግግ፣ የመንግሥት ተቋማት ሰውነት የሚኖራቸው የአስተዳደር ሕግ ለይቶ ሲሰጣቸው እንደሆነም ይናገራል። በየማቋቋሚያ ሕጎቻችን መጀመሪያ ላይ የምናነባት «ራሱን የቻለ የሕግ ሰውነት ያለው» የምትለው ሐረግ፣ ብዙ አንባቢ እንደ ልማድ ቢዘልላትም፣ ሕጉ ተቋሙን የሚወልድባት ሐረግ ናት።

የዚህ ሰውነት ጥቅም ከስድስት ኪሎ ታሪክ በቀላሉ ይታያል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በርካታ ሹማምንት የተገደሉበትን የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት፤ ዩኒቨርሲቲውም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚያው ግቢ ተመረቀ። ስጦታ ሲባል ተቀባይ ሊኖር ይገባል። ተቀባዩ ፕሬዚዳንቱ ቢሆን ቤተ መንግሥቱ የፕሬዚዳንቱ ወራሾች ይሆን ነበር፤ መምህራኑ ቢሆኑ ደግሞ ዛሬ ያሉት ነገ ጡረታ ይወጣሉ። ተቀባዩ ያው በነጋሪት ጋዜጣ ስሙ የተጻፈው፣ ሲሾሙና ሲሻሩ የማይሞተው የሕግ ሰው ነበር። ቻርተሩ የወጣው ከመመረቂያው በዓል በፊት፣ በዚያው በ1953 ዓ.ም. ነበርና ስጦታው ሲደርስ ተቀባዩ ቆሞ ይጠብቀው ነበር ማለት ይቻላል።

በቻርተር ውስጥ የሚጻፉት ነገሮች በየአገሩ ብዙም አይለያዩም። ስም፣ ማኅተም፣ ንብረት የማፍራት፣ ውል የመዋዋል፣ የመክሰስና የመከሰስ መብት የተለመዱ ናቸው። ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የአስተዳደሩ አወቃቀር ነው፤ ቦርዱ ከእነማን እንደሚውጣጣ፣ ፕሬዚዳንቱን ማን እንደሚሾም፣ የትምህርት ጉዳይ በቦርዱ ይወሰን ወይስ በመምህራኑ ሴኔት። አንድ ሌላ ነገር ግን ከሁሉም ይለያል፤ እርሱም ዲግሪ የመስጠት ሥልጣን ነው። ማስተማር ለማንም የተፈቀደ ሊሆን ይችላል፤ «ይህ ሰው ሐኪም ነው፣ ያቺም መሐንዲስ ናት» ብሎ አገር ሁሉ እንዲቀበለው ማረጋገጥ ግን ከድሮ ጀምሮ ከመንግሥት ሥልጣን ተቆርሶ የሚሰጥ ነገር ሆኖ ቆይቷል። ንጉሠ ነገሥቱ የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ሆነው ለተመራቂዎች ዲግሪ በገዛ እጃቸው ይሰጡ የነበረው ለክብር ብቻ ይመስላል፤ በእኔ አስተያየት ሥልጣኑ ከማን እንደመጣ በአደባባይ ማሳየታቸውም ነበር።

በምክር ቤት ለተቋቋመ ኮሌጅ ብዙ ጊዜ በምሳሌነት የሚጠቀሰው ሃርቫርድ ነው። የማሳቹሴትስ ቅኝ ግዛት ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ1636 ለአንድ ኮሌጅ 400 ፓውንድ መደበ፤ ኮሌጁ ስሙን ያገኘው ከሁለት ዓመት በኋላ ሲሞት የሀብቱን ግማሽና መጻሕፍቱን ከተናዘዘለት ከጆን ሃርቫርድ ነው። ሰውነቱን ያገኘው ግን በ1650 ነው፤ በዚያ ዓመት የወጣው ቻርተር ፕሬዚዳንቱን፣ አምስት አባላትንና አንድ ገንዘብ ያዥን በጠቅላላው ሰባት ሰዎችን አንድ አካል አደረጋቸው፤ ከመካከላቸው አንዱ ሲጎድል የቀሩት ተተኪውን እንዲመርጡም ፈቀደ። ከእነርሱ በላይ ባለሥልጣናትና ቀሳውስት የሚቀመጡበት የተቆጣጣሪዎች ጉባኤ ነበረ። የዚህን ጉባኤ አባላት የመምረጡ ሥልጣን ከመንግሥት ወጥቶ ለኮሌጁ ምሩቃን የተላለፈው እ.ኤ.አ. በ1865 ነው፤ ሰጪው እጁን ሙሉ በሙሉ እስኪያነሳ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ወሰደ ማለት ነው።

በእኛ አገር ነገሩ የተጀመረው አራት ኪሎ ነው። በካናዳዊው ኢየሱሳዊ ካህን በሉሲየን ማት መሪነት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ትምህርት ጀመረ፤ ቻርተር የተሰጠው ግን ከሦስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ1946 ዓ.ም. ነው። ማስተማር መቅደሙ፣ ሕጋዊ ልደት መከተሉ በብዙ አገር ያለ ነገር ነው። ከዚያ የ1953ቱ ቻርተር ኮሌጁን ከምህንድስናው፣ ከሕንፃው፣ ከቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ኮሌጅ፣ ከዓለማያው የእርሻ ኮሌጅና ከጎንደሩ የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጋር በአንድ ስም ሥር አጠቃለለ። የተበተኑ ተቋማትን አንድ ሰው ማድረግ ሌላው የቻርተር ሥራ ነው። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ፕሬዚዳንት ልጅ ካሣ ወልደ ማርያም የንጉሠ ነገሥቱን የልጅ ልጅ ያገቡ ነበሩ፤ ስለ ዩኒቨርሲቲው ነፃነት በወረቀት የተጻፈውን ስናነብ ይህንንም አብረን ማሰብ ይገባናል።

እዚህ ላይ ለቻርተር ትልቁ ጥያቄ ይመጣል፤ የሰጠ እጅ መልሶ መውሰድ ይችላል ወይ? ለአማርኛ አንባቢ ጥያቄውን በርስትና በጉልት ማቅረብ ከሁሉ ይቀላል። ርስት ከአባት ከእናት የሚወረድ፣ ባለቤቱ «የእኔ» ብሎ የሚሟገትለት ነው። ጉልት ግን ሹመት ወይም አገልግሎት ተከትሎ ከላይ የሚሰጥ፣ ሰጪው ሲከፋ የሚያነሳው ነው። ነገሥታቱ ለገዳማትና ለአድባራት ጉልት ሲሰጡ ይህን ጠንቅቀው ያውቁ ነበርና ስጦታውን በወንጌሉ ባዶ ገጾች ላይ ካስጻፉ በኋላ፣ የሻረው ወይም የደመሰሰው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን የሚል ግዝት ያስጨምሩበት ነበር። ግዝቱ የተጻፈው ለተራው ሰው ብቻ አልነበረም፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚነግሠው ጭምር ነው። የዩኒቨርሲቲ ቻርተርም ተተኪውን የሚያስር ግዝት ከሌለው ጉልት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ይህ ጥያቄ ፍርድ ቤት ደርሷል። የዳርትመዝ ኮሌጅ ቻርተር እ.ኤ.አ. በ1769 በእንግሊዙ ንጉሥ በጆርጅ ሦስተኛ ስም የተሰጠ ሲሆን፣ ኮሌጁን የሚያስተዳድሩትም ተተኪዎቻቸውን ራሳቸው የሚመርጡ 12 ባለአደራዎች ነበሩ። በ1816 የኒው ሃምፕሻየር ምክር ቤት ቻርተሩን በሕግ ለወጠው፤ ስሙን «ዩኒቨርሲቲ» አለው፣ ባለአደራዎቹን 21 አደረሳቸው፣ በላያቸውም ተቆጣጣሪ ጉባኤ አስቀመጠ። የኮሌጁ ጸሐፊ ውድዋርድ ከአዲሱ ወገን ሆነ፤ መዝገቡ፣ ዋናው ቻርተርና ማኅተሙም በእርሱ እጅ ነበሩ። የቀድሞዎቹ ባለአደራዎች ክስ የመሠረቱት እነዚህን ዕቃዎች እንዲመልስ ነው። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ከንቱ ወረቀት መሆኑን ለምናውቀው ለእኛ ክርክሩ የሚገርም አይሆንም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1819 በአምስት ለአንድ ድምፅ ለቀድሞዎቹ ባለአደራዎች ፈረደ፤ ዋና ዳኛው ጆን ማርሻል ቻርተሩ ውል ነው፣ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ደግሞ ክፍላተ ግዛት የውል ግዴታን እንዳያፈርሱ ይከለክላል ሲሉ ጻፉ። በእኛ አነጋገር ጉልት የመሰለው ነገር ርስት ሆኖ ተገኘ። ምክር ቤቶቹ ግን ከዚህ ተምረው ከዚያ ወዲያ በሚሰጧቸው ቻርተሮች ውስጥ «የማሻሻል መብታችን የተጠበቀ ነው» የሚል አንቀጽ ማስገባት ጀመሩ። ፍርዱ የጠቀመውም አስቀድሞ ቻርተር ይዞ ለነበረው ይበልጥ ነው።

በኢትዮጵያ ግን ቻርተር እንደ ውል ተቆጥሮ አያውቅም። ከአብዮቱ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ስም ተለወጠ፤ በ1969 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ተቋማት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 109 ደግሞ ሁሉንም ተቋማት በአንድ ማዕከላዊ ሥርዓት ሥር አደረገ። የንጉሡ ግዝት አልያዘም። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ሲሰናበቱም፣ የመምህራን ሥራ የሚጠበቅበትን ድንበር ለይቶ የሚያሳይና ለመንግሥትም የሚከብድ ልዩ ቻርተር አልነበረም። በኋላ የወጡት የከፍተኛ ትምህርት አዋጆች፣ ማለትም ቁጥር 351/1995፣ 650/2001 እና 1152/2011፣ ለሁሉም ዩኒቨርሲቲ የጋራ ሥርዓት የዘረጉ ናቸው። እያንዳንዱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን የሚቋቋመው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው።

በአዋጅና በደንብ መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ትርጉም አለው። አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በግልጽ ውይይት ያልፋል፤ ለመለወጥም ያንኑ መንገድ ይፈልጋል። ደንብ ግን የሚወጣው በአስፈጻሚው አካል ነው፤ የሚያሻሽለውም ያው አካል ነው። በጀት የሚመድበው፣ የቦርዱን ሰብሳቢ የሚሰይመውና የማቋቋሚያውን ሕግ የሚጽፈው አንድ ወገን ሲሆን፣ ተቋሙ የሕግ ሰውነት ቢኖረውም እንደ ትልቅ ሰው ሳይሆን ሞግዚት እንደማይለየው ልጅ ይሆናል።

«ራስ ገዝ» የሚለው ቃል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደጋግሞ የሚሰማው በዚሁ ምክንያት ነው። በዚያ ዓመት የወጣው የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294/2015 ዩኒቨርሲቲዎች በትምህርት፣ በአስተዳደርና በገንዘብ ጉዳዮች ራሳቸውን የሚመሩበትን መንገድ ከፈተ፤ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲም የአዲስ አበባው ሆነ። አወቃቀሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ የነፃነቱ መሠረት በምክር ቤቱ አዋጅ ውስጥ ሲገኝ፣ የተቋሙ ማቋቋሚያ ግን አሁንም በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ነው። ግማሹ ቻርተር አራት ኪሎ ፓርላማው ውስጥ ጸደቀ፣ ግማሹ ደግሞ ከካቢኔው ወጣ ብንል ከእውነታው ብዙ አንርቅም። ሁለቱም ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ታትመዋል።

ከፒያሳ እስከ መገናኛ በየፎቁ ስማቸው የተሰቀለ የግል ኮሌጆችስ? እነርሱ በዚህ ትርጉም ቻርተር የላቸውም። ሰውነታቸውን የሚያገኙት እንደማንኛውም ድርጅት በምዝገባ ሲሆን፣ ለማስተማር ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የዕውቅና ፈቃድ ያወጣሉ። ዕውቅና በትምህርት መስክና በደረጃ ተለይቶ ለተወሰነ ጊዜ ይሰጣል፣ ይታደሳል፣ ይሰረዛል። ልጁን ሊያስመዘግብ የሄደ ወላጅ «ኮሌጁ በሕግ የተቋቋመ ነው» የሚል መልስ ሲሰጠው ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ድርጅቱ በሕግ የቆመ ሆኖ ልጁ የመረጠው መስክ ግን ዕውቅና የሌለው ሊሆን ይችላል።

የአንድን ተቋም ማቋቋሚያ ሕግ አንሥቶ ለሚያነብ ሰው ዓላማ የሚዘረዝሩት የመጀመሪያዎቹ አንቀጾች ብዙ አይነግሩትም፤ ዓላማው በሁሉም ዘንድ ያማረ ነው። መፈለግ ያለበት ቦርዱን ማን ይሾማል፣ በምን ምክንያትስ ያነሳል፣ ፕሬዚዳንቱ ተጠሪነቱ ለማን ነው፣ ተቋሙ ከገቢው የተረፈውን ለራሱ ይይዛል ወይስ ለመንግሥት ፈሰስ ያደርጋል የሚሉትን ነው። ከመጨረሻው ገጽ አካባቢ ደግሞ ስለ ተሻሩ ሕጎች የሚናገር አጭር አንቀጽ ይገኛል። ከእርሱ በፊት የነበረው ሕግ የተሰናበተው በዚያ አንቀጽ ነው፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያለውም ወደፊት በሚወጣ ሌላ አዋጅ ውስጥ በተመሳሳይ አንቀጽ ሊሻር ይችላል።