በሥዕል ሙዚየም «ካርቱን» ሲባል ምን ማለት ነው?

በለንደኑ ናሽናል ጋለሪ፣ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ድንግል ማርያምን ከሕፃኑ ኢየሱስ፣ ከቅድስት ሐናና ከሕፃኑ ዮሐንስ ጋር የሣለበትን ትልቅ ንድፍ የሚያይ ሰው፣ መጠሪያው «ካርቱን» መሆኑን ሲያነብ ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ቃሉ ትልቅና ወፍራም ወረቀት ከሚለው የጣሊያንኛ «ካርቶኔ» የመጣ ሲሆን፣ በሠዓሊዎች ዘንድ ከሚሠራው ሥዕል ጋር በመጠን እኩል የሆነ የመጨረሻ የዝግጅት ንድፍ ማለት ነበር። በተለመደው አሠራር የንድፉ መስመሮች በመርፌ ይበሳሉ፤ ወረቀቱ ግድግዳው ወይም ሰሌዳው ላይ ተደርጎ የከሰል ዱቄት በቋጠረ ጨርቅ መታ መታ ሲደረግ፣ ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ የሥዕሉን ዱካ በነጠብጣብ ይተዋል። የሊዮናርዶ ንድፍ በተጣበቁ ስምንት ወረቀቶች ላይ በከሰልና በነጭ ጠመኔ የተሠራ ነው፤ ጠጋ ብለው ሲያዩት ግን መስመሮቹ አልተበሱም፣ ወደ ሰማይ የሚያመለክተው የቅድስት ሐና እጅም ጥላ ሳይገባለት በመስመር ብቻ ቀርቷል። ከብዙ የተጠናቀቁ ሥዕሎች ይልቅ የሠዓሊውን አሳብ በቅርብ የሚያሳየኝ ይህ እጅ ነው። ቃሉ ወደ ቀልድ ሥዕል የዞረው እ.ኤ.አ. በ1843 ሲሆን፣ ለአዲሱ የእንግሊዝ ፓርላማ ሕንፃ የግድግዳ ሥዕሎች የተዘጋጁ ካርቱኖች ለሕዝብ በታዩበት ወቅት፣ ፓንች የተባለው መጽሔት የራሱን የፌዝ ሥዕሎች በዚሁ ስም ጠራቸው።