«አልተነዳም» ማለት «አላረጀም» ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ደውሎ የ1982 ፖርሽ 911 ኤስሲ ሊገዛ መሆኑን ነገረኝ። ስለ ወለሉ ዝገት፣ ስለ ዘይት መንጠባጠቡ፣ ስለ ጥገና ደረሰኞቹ ገና ሳልጠይቀው፣ እሱ ቀድሞ «ለአሥር ዓመት ከቤት አልወጣም፤ ልክ እንደ አዲስ ነው» ብሎ በደስታ አበሰረኝ። ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ የስፖርት መኪና መጠገን ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ፤ ይህን ቃል ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መቁጠር ትቻለሁ። ሐበሻውም ይለዋል፣ አሜሪካዊውም ይለዋል፤ ሻጩ ይለዋል፣ ይባስ ብሎ ገዢው ራሱ ይለዋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቁጭ ብዬ ልጻፈው፤ የሚቀጥለው ደዋይ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ያንብበው።

መኪና የሚያረጀው በማይል ብቻ አይደለም። ጎማው፣ የነዳጅ ቱቦው፣ ዘይት የሚያግዱት ጎሚኒዎች፣ የፍሬን ዘይቱ፣ ቤንዚኑ፣ ባትሪው፣ እነዚህ ሁሉ የሚያረጁት በቀን መቁጠሪያ ነው። እንዲያውም ብዙዎቹን በሕይወት የሚያቆያቸው መነዳታቸው ነው። ሞተር ሲሠራ ትኩስ ዘይት ብረቱን ሁሉ ይቀባል፣ ጎሚኒውን ያለሰልሳል፣ ውስጥ የተጠራቀመውን እርጥበት አትንኖ ያስወጣል። ሲቆም ዘይቱ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀስ በቀስ ወርዶ ከታች ይጠራቀማል፤ ራቁቱን የቀረውን ብረት የቨርጂኒያ የሐምሌ ወበቅ ያገኘዋል። አሜሪካ ውስጥ የሚሸጠው ቤንዚን በአብዛኛው እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ ኤታኖል ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ቤንዚኑ ራሱ ከጥቂት ወራት በኋላ መበላሸት ይጀምራል፣ ዓመታት ሲያልፉት ሙጫ ይሆናል። በ911 ኤስሲ ላይ ያለው የቦሽ ኬ-ጄትሮኒክ የነዳጅ ማከፋፈያ በውስጡ በጣም ተጠግቶ የተገጠመ ተንሸራታች ዘንግ አለው፤ ያ ሙጫ በስሱ ከነካው ዘንጉ ከቦታው አይንቀሳቀስም።

የአንድ ደንበኛዬን ነገር ልንገራችሁ። ሐኪም ናቸው፣ የአገሬ ሰው፣ በሥራቸው እጅግ ጠንቃቃ። አሥራ አንድ ዓመት የቆመ፣ 14,000 ማይል ብቻ የሄደ 911 ኤስሲ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ከፍለው ገዙ። ከዚያ አዲስ ባትሪ ገጠሙ፣ በአሮጌው ቤንዚን ላይ አዲስ ቤንዚን ጨመሩ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን ትንሽ ሞተር) ሲያዞሩ ዋሉ። በመጨረሻ ሞተሩ ተነሳ፤ እሳቸውም በስልካቸው ቀርጸው «ተነሳልኝ!» ብለው ላኩልኝ። ምስሉን ሳየው ሆዴ ተላወሰ። ከአራት ደቂቃ በኋላ ጠፋ፤ እንደገናም አልተነሳም።

ስከፍተው ያገኘሁት ይህ ነው። የነዳጅ መያዣው ውስጡ ዝጎ፣ ዝገቱና ሙጫው የነዳጅ ማከፋፈያውን ዘግቶታል። ይህ ሞተር የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩን የሚነፋለት ማራገቢያ በስተኋላ ላይ አለ። አይጦች በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ጎጆ ሠርተው፣ የጨርቅና የቅጠል ክምር በአንድ በኩል ያሉትን ሲሊንደሮች አፍኗቸዋል። እነዚያ አራት ደቂቃዎች ወደ አርባ ቢረዝሙ ኖሮ ሞተሩን እንደገና መሥራት አይደለም፣ ሌላ ሞተር መፈለግ ነበረብን። አንድ ሰው በእጅ ባትሪ አምስት ደቂቃ ጎንበስ ብሎ ቢያይ ጎጆው ይታይ ነበር። እኔን የሚያበሳጨኝም ይኸው ነው። በሽተኛ ሳይመረምሩ መድኃኒት የማያዙ ሰው፣ መኪናቸውን ግን ሳያዩ ቁልፍ አዞሩበት።

በዚያው ወር፣ በዚያው ጋራዥ፣ አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ያመጡት ሌላ 911 ነበር። ዘመኑ ተቀራራቢ ነው፤ የሄደው ግን 190,000 ማይል። መቀመጫው ተላልጧል፣ ቀለሙ በጠጠር ተነካክቷል። የስድስቱም ሲሊንደሮች ግፊት ሲለካ ልዩነታቸው ከቁጥር የማይገባ ነበር። ሴትየዋ በየእሑዱ ይነዱታል፣ በየዓመቱ ዘይት ያስቀይራሉ። ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ዓይኔን ጨፍኜ የመምህርቷን እወስዳለሁ።

ይህን ለመረዳት ቨርጂኒያ መምጣት አያስፈልግም። ሙያውን የተማርኩት አዲስ አበባ ውስጥ በቮልስ ሞተር ላይ ነው። የቮልስና የ911 ሞተር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፦ ቮልስን የነደፈው ፈርዲናንድ ፖርሽ ነው፤ ልጁ ፌሪ በ1948 የመጀመሪያውን ፖርሽ 356 ሲሠራ ከቮልስ ክፍሎች ተነሳ፤ በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ለታየው 911 መልክ ያወጣለት ደግሞ የልጅ ልጁ ነው። አዲስ አበባ ላይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያለፋቸው ቮልሶች ዛሬም ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። ያቆያቸው የመኝታ ልብስ አይደለም፤ ጠዋት ተነስተው ሥራ መሄዳቸው ነው።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አንድ ሰው ተነስቶ «ያ በፈረንሳይ የተገኘው ፌራሪስ?» ይለኛል። እውነት ነው፤ ሮጀር ባዮን የተባለ ሰው የሰበሰባቸው መኪኖች ምዕራብ ፈረንሳይ ውስጥ በአንድ የገጠር ይዞታ ለአሥርት ዓመታት ቆመው ተገኙ፤ በየካቲት 2015 ፓሪስ ላይ በጨረታ ሲሸጡ አንዱ፣ የ1961 ፌራሪ 250 ጂቲ ካሊፎርኒያ ስፓይደር፣ ከ16 ሚሊዮን ዩሮ በላይ አወጣ። ነገር ግን ዋጋውን ያመጣው መቆሙ አይደለም። የፊት መብራቱ በመስተዋት የተሸፈነው የዚህ ዓይነት መኪና የተሠራው 37 ብቻ ነው፤ ይኸኛው ደግሞ በአንድ ወቅት የተዋናዩ የአላን ደሎን ነበር። ከዚያው ይዞታ የወጡትን ሌሎቹን መኪኖች ፎቶግራፍ ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ ጣሪያቸው የወደቀ፣ በራቸው በዝገት የተበላ ነው። አንዱን ፌራሪ አይቶ መኪናን ማቆም ትርፍ ነው ማለት፣ ከመርከብ አደጋ የተረፈውን አንድ ሰው አይቶ መስጠም ለጤና ይበጃል እንደ ማለት ነው።

«በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ አስነሳዋለሁ» የሚሉኝም አሉ። ይህ ጨርሶ ካለማስነሳት የባሰ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል ወደ አንድ ሊትር የሚጠጋ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ሞተሩ ሳይግል ሲጠፋ ያ ውሃ በቀዝቃዛው ማርሚታ ውስጥና በዘይቱ ላይ ይቀራል። ወይ ግማሽ ሰዓት ንዱት፣ ዘይቱ ወደ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ እስኪጠጋ፤ ወይ አትንኩት። ሞተሩ በውሃ የሚቀዘቅዝ ከሆነ፣ የውሃው መለኪያ መሃል ላይ ደርሷል ብላችሁም ነዳጅ መስጫውን አጥብቃችሁ አትርገጡ፤ ዘይት ከውሃ ዘግይቶ ነው የሚግለው። ቢኤምደብሊው በኤም5ና በኤም3 አንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ የዘይቱን ሙቀት እየተከተሉ አንድ በአንድ የሚጠፉ መብራቶችን በዙር መለኪያው ላይ የደረደረው አሽከርካሪው እንዲታገሥ ነው።

«ጎማው ጥርሱ ሙሉ ነው።» ጥርሱን ተዉትና ጎኑ ላይ በDOT የሚጀምረውን ጽሑፍ የመጨረሻ አራት አኃዞች አንብቡ። 3214 ካለ በ2014 በ32ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። በ2013 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተዋናዩ ፖል ዎከር የሞተበት ፖርሽ ካሬራ ጂቲ ሲመረመር፣ ዋናው ምክንያት ከልክ ያለፈ ፍጥነት መሆኑ ተገለጸ፤ መርማሪዎቹ ግን ጎማዎቹ ዘጠኝ ዓመት ያስቆጠሩ መሆናቸውንም ጽፈዋል። ጥርሱ ምንም ያህል ቢሞላ፣ የዚህን ያህል ዕድሜ ባለው ጎማ የስፖርት መኪና ከግቢዬ እንዲወጣ አልፈቅድም።

ትንንሾቹን በአጭሩ ልለፋቸው። «ከፍተኛ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ጉልበት ይጨምራል»፦ አይጨምርም፤ ነዳጁ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ ይከላከላል እንጂ፤ አምራቹ ያዘዘውን ቅዱ። «የካርቦን ሴራሚክ ፍሬን አያልቅም»፦ ያልቃል፤ ዲስኩ ላይ ዝቅተኛው ክብደት ተጽፏል፣ መካኒኩ አውጥቶ ይመዝነው። «ቀይ መኪና ኢንሹራንሱ ውድ ነው»፦ ስለ ቀለም የጠየቀ ኢንሹራንስ እስካሁን አልገጠመኝም። «አዲስ ቀለም ዋጋ ያስጨምራል»፦ ከፋብሪካ የወጣበት ቀለም ደብዝዞም ቢሆን ካለ፣ እባካችሁ አትንኩት፤ የጠፋ የመጀመሪያ ቀለም በገንዘብ አይመለስም።

«የድሮ መኪና ኮምፒውተር ስለሌለው ቀላል ነው» ለሚሉ ደግሞ የ1954ቱን መርሴዲስ 300 ኤስኤል አሳያቸዋለሁ። ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው በሜካኒካል ፓምፕ ነው፤ ቁልፉ ሲዘጋ እንኳ ሞተሩ መዞሩን እስኪያቆም ድረስ ፓምፑ መርጨቱን ይቀጥላል፣ ያ ቤንዚን የሲሊንደሩን ዘይት አጥቦ ወደ ታች ይወርዳል። ስለዚህ ዘይቱ ቶሎ ቶሎ መቀየር አለበት። ኮምፒውተር ቢኖረው ስህተቱን ይነግረን ነበር፤ እዚህ ግን የሚናገረው የመካኒኩ ጆሮ ብቻ ነው።

ከቆመ መኪና ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚያከስረው «ፌራሪ በቶዮታ ዋጋ አገኘሁ» የሚለው ነው። የወረደው የመኪናው ዋጋ ነው፤ የጥገናው ዋጋ አብሮት አልወረደም። የ1990ዎቹን ኤፍ355 ውሰዱ። ባልቦላዎቹን የሚያንቀሳቅሰው የጎማ ቀበቶ በየጥቂት ዓመቱ መቀየር አለበት፤ ለዚህም ሞተሩ በሙሉ ከመኪናው ይወርዳል። ቀበቶው ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ፣ ቴስታታውም (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ይሄዳል። ከ1999 ጀምሮ የመጣው 360 ሞዴና ከመቀመጫው ኋላ ክዳን ተከፍቶ ይሠራለታል፤ ኤፍ430 ደግሞ ቀበቶውን በሰንሰለት ተክቷል። ሻጭ «ሁለት ሺህ ማይል ብቻ ስለሄደ ቀበቶው አዲስ ነው» ካላችሁ፣ ቀበቶው የተቀየረበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ጠይቁት። ከሌለ የቀበቶውን ሥራ ሙሉ ወጪ ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

የቆመውን መኪና አስቀድማችሁ ገዝታችሁት ከሆነስ? ቁልፉን ከኪሳችሁ አታውጡ። በመጀመሪያ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ የአይጥ ጎጆ፣ የተበላ ሽቦ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ፈልጉ። ካንዴላዎቹን (ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥሉትን) አውጡና በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምራችሁ አንድ ቀን አሳድሩት፤ ከዚያ ፑሌጃውን (ሞተሩ ጫፍ ላይ ያለውን የቀበቶ መንኮራኩር) በቺያቤ፣ ማለትም በመፍቻ፣ በእጅ፣ በዝግታ አዙሩት። ከያዘ አትታገሉት፣ መካኒክ ጥሩ። አሮጌውን ቤንዚን እስከ መጨረሻው ጠብታ ቀድታችሁ አውጡ፣ መያዣውን ውስጡን እዩ፣ ቱቦና ማጣሪያ ቀይሩ። የሞተሩን ዘይት ቀይሩና ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ ነዳጁም እንደተቋረጠ፣ የዘይት ግፊት መለኪያው እስኪነሳ ድረስ በሞተሪኖ አዙሩት። ፍሬኑን ከሞተሩ በፊት ሥሩ፤ መቆም የማይችል መኪና እንዲሄድ አይደረግም። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ነው፤ አሥር ዓመት የቆየው ካሊፐሩን (የፍሬኑን ዲስክ የሚጨብጠውን ክፍል) ከውስጥ አዝጎት ታገኙታላችሁ። የላስቲክ ቱቦዎቹም ውስጣቸው አብጦ ስለሚዘጋ አብረው ይለወጡ። ከተነሳና መቶ ማይል ከሄደ በኋላ ዘይቱን እንደገና ድፉት፤ ቀለሙን ስታዩ ለምን እንዳልኩ ይገባችኋል።

የሐኪሙ መኪና እንዲህ ሆኖ ሰባት ወር ፈጀ። ለጥገናው የከፈሉት በ«አልተነዳም» ስም ከጨመሩት ገንዘብ በላይ ነው። ባለፈው ኅዳር ደግሞ ደውለው «ብርዱ ሳይገባ ላቆመው ነው፣ ምን ላድርግ?» አሉኝ፤ ሳያደርጉ መጠየቃቸው ደስ አሰኘኝ። ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነውና፣ እንዲህ አልኳቸው፦ «ዘይቱን አሁን ይቀይሩ፣ መጋቢት ላይ አይደለም፤ የቆሸሸ ዘይት አሲድ አለው፣ አብሮት አይክረም። ቤንዚኑን ይሙሉት፣ እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማረጋጊያ ይጨምሩበትና ጥቂት ማይል ይንዱ። ጎማውን ከወትሮው ትንሽ አብልጠው ይንፉት። ባትሪውን ከቻርጀር ጋር ያገናኙት። የእጅ ፍሬን አይያዙ፣ ሸራው ይጣበቃል፤ ከጎማው ሥር ታኮ ያስገቡ። አየር በማያሳልፍ ፕላስቲክ አይሸፍኑት። የማራገቢያውን አፍ በወንፊት ሽቦ ይክደኑ፣ ቁልፉ ላይም ‹ወንፊቱን አንሳ› የሚል ወረቀት ያንጠልጥሉ። በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የተበተነውን ጨው የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ካጠበው በኋላ ይደውሉልኝና አብረን እናስነሳዋለን።»