ላለመኮረጅ ብሎ አለማንበብ

ሰሞኑን አንድ ወጣት የልብ ወለድ ረቂቁን ይዞልኝ መጣ። በቅርብ ከወጡት ልብ ወለዶች ምን እንዳነበበ ጠየቅሁት። «ምንም። የራሴን ድምፅ እንዳላጣ ስጽፍ አላነብም» አለኝ። ይህን መልስ ስንቴ ሰማሁት! እውነቴን ነው፣ ሰልችቶኛል።

ጀማሪ ጸሐፊዎች ከሚደጋግሟቸው የተሳሳቱ አባባሎች መጀመሪያ ቀላል ቀላሎቹን ላንሳ።

«የምጽፈው ስሜቱ ሲመጣልኝ ነው።» አሜሪካዊቷ ደራሲ ቶኒ ሞሪሰን እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን የጻፈችው የቢሮ ሥራ እየሠራች፣ ሁለት ልጆች ለብቻዋ እያሳደገች ነው። ልጆቹ ሳይነቁ፣ ገና ሳይነጋ ትጽፍ ነበር። ሰዓት ወስናችሁ ተቀመጡ።

«አርትዖት ፊደል ለቀማ ነው።» ኧረ በፍጹም! አሜሪካዊቷ ደራሲ ሃርፐር ሊ መጀመሪያ ያቀረበችው ረቂቅ ስለ አንዲት ጎልማሳ ሴት ነበር፤ በሦስተኛ መደብ የተተረከ። አርታኢዋ ወደ ገጸ ባሕርይዋ ልጅነት ዘመን እንድትመለስ መከረቻት። ሊ እንደ አዲስ ጻፈችው። ተራኪውም ዘመኑም ተለወጠ። መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1960 ወጣ፣ በዓመቱ ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት አገኘ።

«ጥሩ ጽሑፍ ያማሩ ቃላት የበዙበት ነው።» አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። «ሳላነብ ብጽፍ ወጥ ሥራ ይወጣኛል» የሚሉ ሰዎች የረሱት ነገር አለ። ማንበብ የጀመሩት ትናንት አይደለም። ጭንቅላታቸው ውስጥ የቆዩ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። አዲስ ካልገባ እነዚያው ናቸው የሚወጡት።

በእኔ ደርሷል። የመጀመሪያ ልብ ወለዴን ስጽፍ ሁለት ዓመት ሙሉ የዘመኑን ሥራ አልነካሁም። አንዲት ወዳጄ ረቂቁን አንብባ «አያትህ የጻፉት ይመስላል» አለችኝ። አመመኝ። ግን ልክ ነበረች። ምዕራፎቼ ሁሉ በፀሐይ መውጣት ወይም በፀሐይ መግባት ይጀምራሉ። ሰው በገባ ቁጥር ቁመቱንና መልኩን እዘረዝራለሁ። ክፉው ሰው ገና ከፊቱ ያስታውቃል። ይህን ሁሉ ያወረሱኝ በልጅነቴ ያነበብኳቸው መጻሕፍት ናቸው። እኔ ግን የራሴ ድምፅ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ እርሳስ ይዤ የዘመኑን ሥራዎች ማንበብ ጀመርኩ። እንግሊዛዊው ደራሲ ካዙኦ ኢሺጉሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ባሳተመው ልብ ወለድ ተራኪው የአንድ ትልቅ ቤት አሳላፊ ነው። ስለ ሥራው ክብር ብዙ ያወራል፤ ስለ ፍቅሩ ሲሆን ወሬ ይቀይራል። አንባቢው ግን ከእሱ ቀድሞ ያውቃል። ይህን ካየሁ በኋላ ገጸ ባሕርያቴ «አዘንኩ»፣ «ከፋኝ» የሚሉባቸውን ቦታዎች ሰረዝኩ። አንዲት ሴት ባሏን ከ«አንተ» ወደ «እርስዎ» ስታሸጋግረው ትዳሩ መሰንጠቁ ይገባናል። ሌላ ማብራሪያ ምን ያደርጋል? ትዕይንት ዘግይቶ መጀመርንም ተማርኩ። ማንኳኳቱ፣ በሩ መከፈቱ፣ ሰላምታው ሁሉ ቀረ፤ ጠቡ ከተነሳበት እገባለሁ። አሥራ ሁለት ገጽ የነበረው ምዕራፍ አምስት ሆነ።

መኮረጅን ከፈራችሁ የአንድ ሰው ሥራ ብቻ አታንብቡ። የማይመሳሰሉ ደራሲያንን አፈራርቁ። አንዱን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ አንብቡ። በመጀመሪያው ለታሪኩ፣ በሁለተኛው ለአሠራሩ። ደራሲው ጊዜ የዘለለበትን አስምሩ። ምልልሱ ውስጥ ሳይመለስ የታለፈውን ጥያቄ ፈልጉ። የወደዳችሁትን አንድ ገጽ በእጃችሁ ገልብጡት፤ ዓይን ያለፈውን እጅ ይይዘዋል። በረቂቃችሁ ላይ የሌላ ሰው ቃና ከገባም አትደንግጡ፣ ስታርሙ ታወጡታላችሁ።

ለዚያ ወጣት ረቂቁን ከሦስት መጻሕፍት ጋር መለስኩለት። ሲጨርሳቸው የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ እንደ አዲስ ጽፎ ያመጣልኛል። እየጠበቅሁት ነው።