ካሊበር ምንድን ነው? በአሮጌ ሽጉጥ ላይ ያለውን ቁጥር ማንበብ

ጅማ ውስጥ የአሮጌ ሽጉጥ ወሬ ከተነሳ ሁለት ስም አይቀርም። አንዱ የጣሊያኑ ቤሬታ ነው። ሌላው በደርግ ዘመን የለመድነው ማካሮቭ። ካሊበራቸው ስንት ነው ብላችሁ ብትጠይቁ ለሁለቱም «ዘጠኝ ነው» ትባላላችሁ። መልሱ ስህተት የለበትም። ግን የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ታዲያ ይህ ዘጠኝ የሚለካው ምኑን ነው?

ካሊበር የበርሜሉ ቀዳዳ ስፋት ነው። በቃ። ጉልበት አይለካም። የጥይቱን ርዝመት ወይም የባሩዱን መጠንም አይናገርም። ስፋቱም ቢሆን ግምታዊ ነው። የበርሜል ውስጥ ልሙጥ አይደለም፤ አረሩን (ከጥይቱ ተነጥሎ የሚወጣውን ጫፍ) እያሽከረከሩ የሚያወጡት ጠመዝማዛ ቦዮች አሉት። አንዱ ከቦይ እስከ ቦይ ይለካል፣ ሌላው በቦዮቹ መካከል ካለው ጉብታ እስከ ጉብታ። ለዚህ ነው «7.65» የሚባለው ጥይት አረሩ ሲለካ 7.9 ሚሊሜትር ገደማ የሚመጣው። አሜሪካኖች ደግሞ በኢንች መቶኛ ስለሚቆጥሩ ያንኑ 7.65 «32» ይሉታል። 6.35 ለነሱ «25» ነው፣ አጭሩ 9 (የቤሬታው) ደግሞ በኢንች ሺኛ «380»። 380 የሚል ስታዩ መድፍ እንዳይመስላችሁ።

አሁን ወደ ዘጠኞቹ እንመለስ። የቤሬታ 1934 ጥይት 9 በ17 ነው፤ ጣሊያኖች «ኮርቶ» ይሉታል፣ አጭር ማለታቸው ነው። የማካሮቭ 9 በ18 ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበት ፓራቤለም ደግሞ 9 በ19። ሁለተኛው ቁጥር የቀለሁ፣ ማለትም ባሩዱን የያዘው ቅርፊት፣ ርዝመት በሚሊሜትር ነው። ሁለት ጧፎች ውፍረታቸው እኩል ሆኖ አንዱ ሊረዝም እንደሚችለው ማለት ነው። ልዩነቱ አንድ አንድ ሚሊሜትር ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን ሌላ ነው። ኮርቶ በግርድፉ 260 ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ያህል ይዞ ይወጣል፣ ፓራቤለም 480 አካባቢ። ወደ እጥፍ ይጠጋል። ማካሮቭ ደግሞ ርዝመቱ ብቻ አይደለም የሚለየው። አረሩ ራሱ ወፍሮ ወደ 9.27 ሚሊሜትር ይጠጋል፤ የኮርቶ 9.02 ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግሊሴንቲ ነው። ጣሊያን በ1910 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ለጦሯ የያዘችው ሽጉጥ ነው። ጥይቱ በመልክም በልክም ከፓራቤለም ጋር አንድ ነው። ግን የታሰበው ለደካማ ባሩድ ነበር። ፓራቤለም ቢያጎርሱት ሰተት ብሎ ይገባል። ቃታው ሲሳብ ግን ሽጉጡ ያልተሠራለትን ግፊት ይቀበላል። ልክ ገባ ማለት ልኩ ነው ማለት አይደለም።

ትንሽ ካሊበር ሽጉጥ ለምን ትንሽ ሆነ የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ባሩዱ ሲነድ ጋዙ አረሩን ወደ ፊት፣ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋል። ኃይለኛ ጥይት በሚተኩሱት ብዙዎቹ ሽጉጦች በርሜሉና ስላይዱ (ከላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተተው ብረት) ለቅጽበት ተቆላልፈው ይቆያሉ። በትንንሾቹ ቁልፍ የሚባል ነገር የለም። ቀለሁን የሚይዘው የስላይዱ ክብደትና የሞላው ጉልበት ብቻ ነው። አሜሪካዊው ጆን ብራውኒንግ ይህን ዘዴ ለቤልጂጉ ኤፍ ኤን ፋብሪካ በሠራው የ1900 ሞዴል በ7.65 ካሊበር አዋለው። በ1906 ደግሞ ከመዳፍ የማትበልጥ ባለ 6.35 መጣች፤ በርሜሏ 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ኮት ኪስ ውስጥ የምትገባ ሽጉጥ የተገኘችው ደካማ ጥይት ስለተመረጠላት ነው። ሞላው ካረጀ ታዲያ ስላይዱ ከሚገባው በላይ ፈጥኖ ወደ ኋላ ይመጣና አካሉን ይደበድበዋል። ፈቃድ ይዘው እንዲህ ያሉትን በውጭ አገር ክለቦች የሚተኩሱ ሰዎች መጀመሪያ ሞላ የሚቀይሩት ለዚህ ነው።

መተኮሱ ራሱ ቀላል ይመስላል፣ አይደለም። እጀታው ጠባብ ነው። ማነጣጠሪያው በዓይን የማይያዝ ቀጭን ነገር ነው። አንዳንዱ ስላይድ ሲመለስ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን ቆዳ ይልጣል። ጥይቱ ትንሽ ቢሆንም ሽጉጧ ቀላል ስለሆነች እጅ ላይ ጠንከር ብላ ትመታለች። በ7 ሜትር ርቀት በወረቀት ላይ አምስት ቀዳዳ አጠጋግቶ ማሳረፍ ትልቅ ችሎታ ነው፤ ሰዎቹ የሚወዱትም ይህን ይመስለኛል።

ለሰብሳቢ ግን ከመተኮሱ ይልቅ ጽሑፉ ይበልጣል። ጣሊያን የደቡብ ምዕራቡን ግዛት ያስተዳድር የነበረው ከጅማ ነው፤ እስከ ሰኔ 1933 ዓ.ም. ከተማዋን ይዞ ቆይቷል። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ የዚያ ዘመን አሻራ አሁንም አለ። የዚያ ዘመን ቤሬታ 1934 ስላይዱ ላይ ካሊበሩ «9 ኮርቶ» ተብሎ ተቀርጾበታል። አጠገቡ ሁለት ዓመት አለ። ለምሳሌ 1937 ይልና ቀጥሎ በሮማ ቁጥር 15 ይላል። የመጀመሪያው የአውሮፓ ዓመት ነው። ሁለተኛው ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1922 (በአውሮፓ) ጀምሮ ፋሺስቶቹ የቆጠሩት ነው። ይህን የማያውቅ የእኛ ሰው 1937ን በእኛ አቆጣጠር ያነበዋል፤ ያኔ ግን ጣሊያን ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ሁለቱ ቁጥሮች አንድ ላይ ሲነበቡ ሽጉጡ በእኛ ከታኅሣሥ 1929 መጨረሻ እስከ ጥቅምት 1930 ባለው ጊዜ መሠራቱን ይነግሩናል። ይህን የመሰለ ጽሑፍ በአሸዋ ወረቀት አሽቶ ማብረቅረቅ ታሪክ መፋቅ ነው። እባካችሁ ዝገቱን በዘይትና በጨርቅ ብቻ ያዙት።

ከአያት የወረደ ሽጉጥ ቤታችሁ ካለ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያስፈልገዋል። ቅርስ ነው ማለት ከዚህ አያስመልጥም። ስትይዙት አፈሙዙን ወደ ሰው አታዙሩ፣ ጣታችሁም ከቃታው ይራቅ። ካዝናው ወጣ ማለት ሽጉጡ ባዶ ነው ማለት አይደለም፤ አንድ ጥይት በርሜሉ ውስጥ ቀርታ ሊሆን ይችላል። ካላወቃችሁበት አትነካኩት፣ የሚያውቅ ባለሙያ ይፈትሽላችሁ። አብሮት የተቀመጠ ጥይት ካለም የሱ ነው ብላችሁ አትመኑ። በስላይዱ ላይ የተጻፈውና በቀለሁ ቂጥ ላይ የተጻፈው ይመሳከር። መሣሪያ መርማሪ ሳያየው ደግሞ «ይሠራ ይሆን?» ብሎ አንድ ጥይት መሞከር የለም።