ዩ ስትሪት፦ ከእኛ ታፔላዎች በፊት የነበረው ሰፈር

ዋሽንግተን ዲሲ ላለ ሐበሻ ዩ ስትሪት ማለት ክትፎ፣ ቡና፣ የቅዳሜ ማታ ዘፈን ነው። 9ኛው መንገድ ከዩ ጋር በሚገናኝበት አካባቢ የአማርኛ ታፔላ ማየት ብርቅ አይደለም። ግን ሰፈሩ እኛ ከመድረሳችን በፊት ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፣ ያቀኑትም ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። እዚያ እየበላን ያደግን ሰዎች እንኳ ይህን ብዙም አናውቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልነሳ። (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አካባቢው ሾው ይባላል። ስሙ የመጣው ከአንድ ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የጥቁሮችን 54ኛ የማሳቹሴትስ ጦር ሲመራ በ1863 በተሰዋው ነጭ ኮሎኔል በሮበርት ጉልድ ሾው የተሰየመ ነበር። ሰፈሩ በዚህ ስም መጠራት የጀመረው ግን በ1960ዎቹ ነው።

መነሻው ያው ጦርነት ነው። ኤፕሪል 1862 ዲሲ ውስጥ ባርነት ሲቀር ወደ 3,100 ሰዎች ነፃ ወጡ። ካሳ የተከፈለው ግን ለእነሱ ሳይሆን ለጌቶቻቸው ነው፣ በአንድ ሰው እስከ 300 ዶላር! ከደቡብ ከባርነት ያመለጡት ደግሞ እዚሁ አካባቢ ካምፕ ባርከር በሚባል መጠለያ ሰፈሩ፤ ብዙዎቹም በዚያው ቀሩ። በ1867 ከፍ ብሎ ካለው ኮረብታ ላይ ጥቁሮች የሚማሩበት ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሐኪሙም፣ ጠበቃውም፣ መምህሩም ወደዚሁ መሰብሰብ ጀመረ።

20ኛው ክፍለ ዘመን ሲገባ የዘር መለያየቱ ጠነከረ። መሃል ከተማ ያሉት ሆቴሎችና ምግብ ቤቶች ጥቁር አያስገቡም፣ በብዙ ሰፈር ደግሞ የቤት ሽያጭ ውሉ ራሱ «ለጥቁር አይሸጥም» ይላል። ሰዉ እንግዲያው በራሳችን ገንዘብ እንሠራለን አለ። እኔን በጣም የሚገርመኝ ይሄ ነው። በ12ኛውና በዩ ጥግ ላይ ያለው የትሩ ሪፎርመር ሕንፃ በ1903 የተመረቀው በአንድ የጥቁሮች መረዳጃ ማኅበር ነው፣ በእኛ ቋንቋ እድር ብንለው አንሳሳትም፤ አባላቱ ያዋጣሉ፣ ሲታመሙና ሲሞቱ ማኅበሩ ይደርሳል። ንድፉን ያወጣውም ጆን ላንክፎርድ የሚባል ጥቁር አርክቴክት ነው። በ1910 ሀዋርድ ቴአትር፣ በ1912 የ12ኛው መንገድ ዋይ ኤም ሲ ኤ (በእኛው ወወክማ)፣ በ1919 ዋይትሎው ሆቴል፣ በ1922 ሊንከን ቴአትር ተከተሉ። ኢንዱስትሪያል ባንክ በ1934 በሩን ሲከፍት አገሩ በሙሉ በኢኮኖሚ ድቀት ውስጥ ነበር። ዝነኛው የጃዝ ሙዚቀኛ ዱክ ኤሊንግተን ያደገው እዚህ ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፍሎት የተጫወተውም በትሩ ሪፎርመር ሕንፃ ነው ይባላል። መንገዱ በኒው ዮርኩ የቴአትር ጎዳና ተመስሎ ጥቁሩ ብሮድዌይ የሚል ስም ያወጣው በዚህ ዘመን ነው።

ሁሉ ጊዜ ግን ዘፈንና ደስታ አልነበረም። በጁላይ 1919 ነጭ መንጋ በከተማው ጥቁሮችን እያሳደደ ሲደበድብ፣ የ7ኛውና የዩ አካባቢ ነዋሪዎች መሣሪያ ይዘው ሰፈራቸውን ጠብቀዋል።

የእኛ እግር እዚህ የረገጠው እንደሚመስለን በስደት ዘመን ብቻ አይደለም። መላኩ በያን ሀዋርድ ሕክምና ተምሮ በ1935 ተመርቋል፤ ጣሊያን አገራችንን ሲወር ወደ ቤቱ ተመልሶ ዘምቷል፣ በኋላም አሜሪካ መጥቶ ጥቁሮችን ለኢትዮጵያ እያስተባበረ በ1940 አረፈ።

መከራው የመጣው ሳይታሰብ ነው። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፍርድ ቤቶች እነዚያን የሽያጭ ውሎች ማስፈጸም አይችሉም አለ፤ ሌላውም በር በ1950ዎቹ እየተከፈተ ሄደ፣ አቅም ያለው ሰውም ወደ ሌላ ሰፈር ወጣ። ኤፕሪል 4 ቀን 1968 ማርቲን ሉተር ኪንግ ሲገደል ደግሞ ቁጣው የፈነዳው ከ14ኛውና ከዩ መገናኛ ነው። በአራት ቀን ውስጥ በከተማው ከአንድ ሺህ በላይ ሕንፃ ተቃጠለ። በ1958 የተከፈተው ቤንስ ቺሊ ቦውል የሚባል ምግብ ቤት ግን ሰዓት እላፊ ቢታወጅም ልዩ ፈቃድ ተሰጥቶት ክፍት ሆኖ ቆየ። ባለቤቱ ቤን አሊ የትሪኒዳድ ሰው፣ የሀዋርድ ተማሪ የነበረ። ከዚያ ሱቆች ባዶ ሆኑ፣ ቤቶች በእንጨት ታሸጉ፣ የሜትሮ ባቡር ቁፋሮም መንገዱን ለዓመታት ገልብጦት ቆየ። ጣቢያው የተከፈተው በ1991 ነው።

የእኛ ሰዎች ከአብዮቱ በኋላ ሲመጡ መጀመሪያ የሰፈሩት አዳምስ ሞርጋን በሚባለው የዲሲ ሰፈር ነበር። ኪራይ ሲወደድ ወደ ዩ ወረዱ፤ ዱከም ምግብ ቤት የተከፈተው በ1997 ነው። ባዶ የቆዩ ቤቶችን ብዙዎቹን ነፍስ የዘሩባቸው ሐበሾች ናቸው፣ ይህ ሐቅ ነው። በ2005 ግን አካባቢው «ትንሿ ኢትዮጵያ» ይባል የሚል ሐሳብ ሲነሳ ከጥቁር አሜሪካውያን ነዋሪዎች ተቃውሞ ገጠመው። ያኔ የተቀየመ ሐበሻ ብዙ ነው፤ እኔ ግን እውነት ነበራቸው እላለሁ። ከባርነት አምልጦ የመጣ ሰው ልጆች ያቀኑትን፣ ተቃጥሎም ያልተውትን ሰፈር ሌላ ስም ማሸከም ቀላል ነገር አይደለም። አሁን ደግሞ ኪራዩ እነሱንም እኛንም አብሮ እየገፋ ነው፤ ከሐበሻ ቤቶች ብዙዎቹ ከዲሲ ወጣ ብለው ወዳሉት ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ ሄደዋል።

ከሜትሮው በ10ኛው መንገድ በኩል ስትወጡ ከፊታችሁ የነሐስ ወታደሮች ሐውልት ታያላችሁ፣ በ1998 የቆመ ነው። ከኋላው ባሉት ግድግዳዎች ላይ በእርስ በርስ ጦርነቱ ባርነትን የተዋጉ 209,145 ሰዎች ስም ተጽፏል። ምግብ ቤቶቹ ከዚያ የሁለት ደቂቃ መንገድ ናቸው።