አልበርት ናማትጂራ፦ የውሃ ቀለም ሰዓሊው እና የሥዕሎቹ ገበያ

አልበርት ናማትጂራ (እ.ኤ.አ. 1902–1959) በአውስትራሊያ መሃል በረሃ የኖረ፣ አረርንተ ከተባለው የአገሩ ቀደምት ሕዝብ የተወለደ ሰዓሊ ነው። ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ አያውቅም። ቢሆንም በዘመኑ ሥዕሎቹን ሰው ይሻማባቸው ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

የተወለደው ሄርማንስበርግ በሚባል የሉተራውያን ሚሲዮን ነው። ሰዓሊ ከመሆኑ በፊት ግመል ነድቷል፣ ከብት ጠብቋል፣ በአናጢነትና በአንጥረኝነት ሠርቷል። በጋለ ብረት እንጨት ላይ ቅርጽ እያወጣ የሚሸጥ ዕቃም ይሠራ ነበር። በ1934 ሁለት ነጭ ሰዓሊዎች ሚሲዮኑ ውስጥ ሥራዎቻቸውን አሳዩ። አልበርት ያየውን አልረሳም። ከሁለቱ አንዱ ሬክስ ባተርቢ በ1936 ተመልሶ ሲመጣ ግመሎቹን ሊነዳለት ተስማማ፤ ባተርቢ ደግሞ የቀለም አያያዝ ሊያሳየው። ከሰው የተማረው በዚያ የሁለት ወር ገደማ ጉዞ ያየውን ነው። የቀረው የራሱ ልፋት ነው።

የሚስለው የሚያውቀውን አገር ነው፦ የማክዶኔል ተራሮችን፣ የሶንደር ተራራን፣ ፓልም ቫሊን፣ የፊንክ ወንዝን ዳርቻ። ብዙ ጊዜ ፊት ለፊት ግንዱ ነጭ የሆነ አንድ ትልቅ ዛፍ ያቆማል። ዛፉ እኛ አገር የለመድነው የባሕር ዛፍ ዘመድ ነው። ከጀርባው ቀዩ መሬት ይዘረጋል፤ ራቅ ሲል ተራራው ሐምራዊና ሰማያዊ ይሆናል። በውሃ ቀለም ብርሃኑ የሚመጣው ከወረቀቱ ነው። ቀለሙ ስስ ካልሆነ ብርሃኑ ይታፈናል፤ አንዴ የደፈረሰን ቦታ ማጥራትም ከባድ ነው። የናማትጂራ ሰማይና ተራራ ግን ከስንት ዓመት በኋላም ጥርት እንዳሉ ናቸው።

በዘመኑ አንዳንድ ሃያሲያን «የፈረንጅ አሳሳል ቀጂ» ብለው አጣጥለውታል። ይህ ፍርድ ትክክል አይመስለኝም። ለአረርንተ ሰው እያንዳንዱ ተራራና ምንጭ የአባቶች ታሪክ ያለበት ነው። ናማትጂራ አንድን ገደል ሲስል የሚስለው ቤቱን ነው። ከውጭ የተዋሰው ቀለሙንና ወረቀቱን ነው እንጂ ዓይኑን አይደለም።

የመጀመሪያ የግል ኤግዚቢሽኑ በ1938 ሜልበርን ውስጥ ተከፈተ። የቀረቡት 41 ሥዕሎች በሙሉ ተሸጡ። በ1939 የደቡብ አውስትራሊያ የሥዕል ሙዚየም አንድ ሥራውን ገዛ። ቀጥሎ በአደሌድና በሲድኒም ገዢ አላጣም። ገንዘቡ ግን በእጁ አይቆይም ነበር። በአረርንተ ባህል ያለው ለዘመዱ ያካፍላል፤ ዘመዱ ደግሞ ብዙ ነው።

የሚያስቆጣው ሌላው ነው። ግብር ይከፍላል፤ የቀደምቱ ሕዝብ ተወላጅ በመሆኑ ግን ሙሉ የዜግነት መብት የለውም። ለከብት እርባታ መሬት ልከራይ ቢል ተከለከለ። አሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ቤት ልሥራ ቢልም አልተፈቀደለትም። በ1954 ንግሥት ኤልሳቤጥን አግኝቷል፤ የዜግነት መብት ያገኘው ግን በ1957 ነው። በማግሥቱ ዓመት ለአንድ ዘመዱ አልኮል ሰጥተሃል ተብሎ ተፈረደበት፤ ለዘመዶቹ መጠጥ መግዛት አሁንም ክልክል ነበርና። ሁለት ወር ታስሮ ወጣ። በነሐሴ 1959 አረፈ።

ሥዕል የሚሸጥ ሰው ሁሉ ከናማትጂራ ታሪክ ሊያውቀው የሚገባው ግን የቅጂ መብቱን ጉዳይ ይመስለኛል። ኦሪጅናሉን የገዛ ሰው ወረቀቱን ነው የገዛው። ምስሉን አባዝቶ በፖስተር፣ በካላንደር ወይም በመጽሐፍ የማውጣት መብት ሌላ ነው፤ ለብቻው ይሸጣል፣ ለብቻው ይወረሳል። ናማትጂራ በ1957 ከአንድ አሳታሚ ጋር ተዋውሎ ከሚባዛው ሽያጭ ድርሻ ይከፈለው ጀመር። ከሞተ በኋላ ውርሱን የያዘው የመንግሥት ባለአደራ በ1983 መብቱን ለአሳታሚው በ8,500 የአውስትራሊያ ዶላር ሸጠው። ቤተሰቡ አልተጠየቀም። ከዚያ በኋላ የአያታቸው ሥዕል በታተመ ቁጥር ልጆቹና የልጅ ልጆቹ ምንም አያገኙም ነበር።

ብዙ ዓመት ከተሟገቱ በኋላ፣ በ2017 በአንድ ባለሀብት ልገሳ መብቱ ለቤተሰቡ ወደቆመው ናማትጂራ ሌጋሲ ትረስት ተመለሰ። የተላለፈበት ዋጋ 1 ዶላር ነው። በአውስትራሊያ ሕግ መብቱ የሚቆየው ሰዓሊው ከሞተ በኋላ 70 ዓመት ስለሆነ፣ ቤተሰቡ ሊጠቀምበት የሚችለው እስከ 2029 ድረስ ብቻ ነው። የልጅ ልጆቹ ግን ዛሬም አሊስ ስፕሪንግስ ውስጥ በውሃ ቀለም እነዚያኑ ተራሮች እየሳሉ፣ ሥራዎቻቸውን በራሳቸው ስም ይሸጣሉ።